እትዬ ዘሀራ እና የፍርሃታችን ካርታ

እትዬ ዘሀራ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቢቸና ገበያ፣ እህል ተራ ቆሜ፣ ከሞጣ የመጣ አንድ ጤፍ ነጋዴ ስለ መንገዱ ሲያወራ እሰማለሁ። መንገዱ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግቶ የተከፈተው ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ሰውዬው በእግሩ የሄደበትን፣ የተፈተሸበትን፣ ከግማሽ መንገድ የተመለሰበትን ሁሉ ሲዘረዝር ቆየና በመሐል «ያቺ ጋቢ ሻጯ ዘሀራም አረፈች» አለ።

«የትኛዋ ዘሀራ?» አልሁት፤ ሞጣ ውስጥ ሌላ ጋቢ ሻጭ ዘሀራ እንዳለች ሁሉ።

«ከመናኸሪያው በታች ሱቅ ያላት። ስኳር ነበረባት። መድኃኒቷ ከባሕር ዳር ነበር የሚመጣላት፤ መንገዱ ሲዘጋ ጊዜ…» አለና እጁን አራገፈ።

ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ያለቅሳል ወይም ይጮኻል። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ዞር ብሎ ማየት ነው። ከኋላዬ ቆሞ የሚያዳምጠን ሰው አለ ወይ? የእሳቸው ስም በተጠራ ቁጥር አንገቴ በራሱ ይዞራል። ከዚያ በኋላ እዚያው የሰው ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ቢቸና ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የቤት ፕላንና ካርታ እሠራለሁ። አንድ የጥናት ቡድን በቢቸናና በሞጣ የመንገድ መብራት፣ የጎርፍ መውረጃና የውሃ ቦኖ የት የት ቢሠራ እንደሚሻል የነዋሪውን ሐሳብ መሰብሰብ ፈለገ። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ጠያቂዎች ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር። ጊዜው ግን ደኅና አልነበረም። ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ የቤቱን ባለቤትም ራሱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ቡድኑን የሚመሩት ዶክተር ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት ይሁን አሉ። ፈቃደኛ የሆነ ሰው በስልኩ ይመዘገባል፤ በየጊዜው መጠይቅ ይላክለታል። የከተማው ካርታ ስልኩ ላይ ይከፈትለትና «ጨለማ የሚሆነው የት ነው? ጎርፍ የሚያስቸግረው የት ነው?» ሲባል በጣቱ ነክቶ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ከፈለገም አጭር ማስታወሻ ይጽፍበታል። የእነዚህን በጎ ፈቃደኞች ስብስብ «ፓነል» ይሉታል። ፓነሉን ማሰባሰብና መከታተል የእኔ ድርሻ ሆነ።

ማስታወቂያውን በቴሌግራም በተንሁት። ሰው ቶሎ ተመዘገበ። ዝርዝሩን ሳየው ግን አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው ወንድ ነው፤ ተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር። ከሞጣ በኩል ብቻ፣ ዕድሜ በሚለው ቦታ «ሃምሳ ስምንት»፣ ሥራ በሚለው ደግሞ «ጋቢና ነጠላ» ብሎ የሞላ አንድ ሰው አገኘሁ። ቀልድ መሰለኝና ደወልሁ።

«አቤት» አለኝ የሴት ድምፅ።

«ወይዘሮ ዘሀራ ነዎት? የካርታው መጠይቅ ላይ ተመዝግበው ነበር…»

«ቀስ በል እስቲ ልጄ። መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ። የማን ልጅ ነህ? ከየት ነው የምትደውል?»

ጠያቂው እኔ ነበርሁ፤ መላሽ ሆኜ አረፍሁት። ስሜ ጌትነት መሆኑን፣ አባቴን፣ ሰፈሬን፣ ማግባት አለማግባቴን ሳይቀር ካስወጡኝ በኋላ «በል አሁን አንተ ጠይቀኝ» አሉ።

ፊት ለፊት ያየኋቸው በወሩ ነው። ያን ጊዜ ከቢቸና ሞጣ መሄድ ቀላል አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር አያወራም፤ ሁሉም በመስኮት እያየ የሚቀጥለውን ፍተሻ ይጠብቃል። ካርታ የያዘ ሰው በምን እንደሚጠረጠር ስለማውቅ፣ ከመነሣቴ በፊት ካርታውን ከስልኬ አጥፍቼ ስደርስ እንደገና ጫንሁት። እትዬ ዘሀራ ይኼን ስነግራቸው ሣቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሣቃቸው ቆመ።

«ይዘኸው መሄድ የምትፈራውን ነገር ነው እንዴ እኛ ስልክ ላይ የምትልከው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የጫወታ ነገር አድርጌ አለፍሁት።

ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ሲያናግራቸው ከፊታቸው ያለውን ጋቢ ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል እያሹ ነው የሚያዳምጡ፤ የፈትሉን ቅጥነት እንደሚመረምር ሰው። ውሸት የመሰላቸው ነገር ሲሰሙ ጣታቸው ይቆማል። ስንት ጊዜ ያ ጣት ቆሞብኛል! ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ስልኩን የገዛችላቸው አስተማሪዋ ልጃቸው ሩቅያ ናት። ፓነሉ ውስጥ የገቡት በደጃቸው የሚያልፈው ጎርፍ በየክረምቱ ሱቃቸው እየገባ ጨርቃቸውን ስላበላሸባቸው ነበር።

ያን ቀን የሰበሰብነውን ካርታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ሞጣ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«የከብት ተራው አካባቢ ነጥብ የለበትም። ወደ ታች ያለው መንደርም የለም። ሰው የማይኖርበት ነው የሚመስል።»

«ከዚያ የተመዘገበ ሰው የለማ።»

ደጃቸው ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጠውን ሴት ጠሩ። «የሺ! አንቺ ስልክ አለሽ?»

«ኧረ እኔ ከየት አምጥቼ» አለች የሺ።

«አየህ?» አሉኝ። «መብራቱ ስልክ ላለው ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚበራ?»

ለዶክተሩ ደውዬ ነገርኋቸው። አንድ ስልክ ለአንድ ሰው የሚለውን ደንብ ማላላት አልወደዱም ነበር፤ በመጨረሻ ግን እትዬ ዘሀራ ስልክ ለሌላቸው ሴቶች እንዲሞሉ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የሞጣ ካርታ መልኩ ተለወጠ። ወደ ሱቁ የመጣችውን ሴት ሁሉ የጨርቅ ጥቅል ላይ ያስቀምጣሉ፤ «ይኼ መስጊዱ ነው፤ ይኼ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ይኼ ወፍጮ ቤቱ፤ ያንቺ ቤት እዚህ ጋ ነው» እያሉ ካርታውን ያስነብባሉ። ነጥቡን ግን እሳቸው አያስቀምጡም። የሴቲቱን ጣት ይዘው ስክሪኑን ራሷን ያስነኳታል። «የሰው ነገር በእኔ ጣት አይቀመጥም» ይሉ ነበር። የከብት ተራው አካባቢ በነጥብ ተሞላ።

ነገሩ የተበላሸው ሁለተኛው መጠይቅ ሲመጣ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በከተማዎ የሚፈሩት ቦታ የት ነው?» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ሲፈሩ ወዴት ይሄዳሉ?» የሚል ነበር። ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ስመልሰው ምንም አልተሰማኝም፤ ይኼን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል። መብራቱ የት ይተከል፣ መተላለፊያው የት ይሁን ለማለት ነው ብዬ ላክሁት።

ሰው መልስ ሰጠ፤ ከጠበቅነው በላይ ሰጠ። ፍርሃቱን የሚጠይቀው አጥቶ የከረመ ሰው አንዴ ሲጠየቅ ምንም አላስቀረም። እትዬ ዘሀራም መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ሴቶቹን አስቀምጠው አስነኩ። በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ።

«ጌትነት፣ ይኼን ሁሉ የሚያየው ማነው?»

«እኛ ብቻ ነን እትዬ። የሰው ስምም የለበትም።»

«እኛ ማለት ማንና ማን?»

«እኔ፣ ዶክተሩ፣ አብረዋቸው የሚሠሩት…»

«አይተህ ነው ወይስ ነግረውህ ነው?»

«ነግረውኝ ነው» አልሁ።

«በል እይና ደውልልኝ» ብለው ዘጉት።

ከክፍሌ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። የባለቤቱን ስልክ ተውሼ የመጠይቁን ሊንክ ከፈትሁ። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። «ውጤቱን ይመልከቱ» የሚለውን ነካሁ፤ ካርታው ቦግ ብሎ ተዘረጋ። በዚያ በሰው ስልክ፣ ስለ ፓነሉ ሰምቶ በማያውቅ ሰው ስልክ።

ቢቸና ላይ ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ሞጣ ላይ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሸለቆ ነጥብ በነጥብ ላይ ተደራርቦበት ደም የቋጠረ ቁስል መስሏል። የሸለቆውን ስም እዚህ አልጽፍም። አንዱን ነጥብ ነካሁት፤ ማስታወሻው ወጣ፦ «ተኩስ ሲሰማ እኔና ልጆቼ እዚህ እንወርዳለን። ከዛፉ በታች መጠለያ አለ።» ሌላውን ነካሁ፦ «ጎረቤታችን ጓዳ፣ በጓሮው በር።» ሌላውን ነካሁ፦ «አራስ ነኝ፤ ሩቅ መሄድ አልችልም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

ስም የለበትም፤ እውነት ነው። ስሙ ምን ያደርጋል? ቤቱ አለ። የጓሮው በር አለ። አራሷ የት እንደምትደበቅ አለ። ስልኩን ለባለቤቱ ስመልስ ላብ ከእጄ ወደ ስክሪኑ ተላልፎ ስለነበር በሸሚዜ ጠረግሁት። «ምነው፣ አመመህ?» አለኝ። «ፀሐዩ ነው» አልሁት። ሰማዩ ደመና ነበር።

ለእትዬ ዘሀራ ለማንም ክፍት መሆኑን ደውዬ ነገርኋቸው፤ ቀጥዬ ለዶክተሩ ደወልሁ። «ለሙከራ ክፍት አድርገነው ነው፤ ይስተካከላል» አሉኝ። «መረጃውን ግን እንዳትነካው። እንዲህ ያለ መልስ በፓነል አግኝተን አናውቅም።» ክፉ ሰው አልነበሩም። ሩቅ ነበሩ። ካርታው ላይ የሚያዩት ነጥብ ነው፤ ያቺን አራስ አያዩም። አንድ ቀን አለፈ፤ ሊንኩ ክፍት ነው። ሁለተኛው ቀን አለፈ፤ ክፍት ነው። በየሰዓቱ እከፍተዋለሁ፤ በየሰዓቱ ይዘረጋል። ማጥፋት እችል ነበር፤ ቁልፉ በእጄ ነው። ግን የፈረምሁት ውል አለ። ባጠፋ ምን ይሉኛል? ባላጠፋስ ማን አይቶት ይሆን? ከደጅ ሞተር ሳይክል በቆመ ቁጥር ኮምፒውተሩን እዘጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የክፍሌ በር ተከፈተና እትዬ ዘሀራ የጋቢ ጥቅል ተሸክመው ገቡ።

«እትዬ! በዚህ መንገድ እንዴት መጡ?»

«በሚኒባስ ነዋ። ለጠየቀኝ ሁሉ ቢቸና ጋቢ ላስረክብ ነው ብያለሁ። በል ተቀመጥና ክፈተው።»

ጥቅሉን መሬት አስቀምጠው ከጎኔ ወንበር ሳቡ። ወረቀት አልያዙም፤ ያስነኳቸውን ሴቶች ሁሉ ቃል በአእምሯቸው ይዘው ነበር። «እኔ ስላስነካኋቸው እኔ ላጥፋው ማለት አልችልም» አሉ። «እያንዳንዷን ቤቷ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሁሉም ይጥፋ ብለዋል። አንዷ ብቻ የቦኖው ነጥብ ይቆይልኝ ብላለች፤ እሱን እንዳትነካባት።»

«የሌሎቹስ? በራሳቸው ስልክ የሞሉት?»

«እነሱን የሰበሰብህ አንተ ነህ። ደውለህ ጠይቃቸው።»

እኩለ ቀን እስኪያልፍ ደወልሁ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው የጥቅሉን ጫፍ በጣታቸው እያሹ ያዳምጡኛል። አንዱ ተቆጣኝ፤ አንዷ አለቀሰች፤ ይቆይ ያለ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም። ስልክ ያላነሣልን ጥቂት ሰው ብቻ ቀረ። እትዬ ዘሀራ «ዝም ያለ ሰው ይታይብኝ አላለም» አሉ። እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብሁት። አይተውታል።

«ፈርቼ ነው እትዬ» አልሁ።

«እኔም ፈርቻለሁ። ከሞጣ እስከዚህ ስፈራ ነው የመጣሁ። ታዲያ ምን እናድርግ? ፍርሃቱ እስኪለቀን ሰዎቹ ተጋልጠው ይቆዩ?»

ነካሁት። የሸለቆው ቁስል ጠፋ። የጓሮ በሮቹም ጠፉ። የቦኖው ነጥብ ብቻዋን ቀረች። እትዬ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። በማግስቱ ከዶክተሩ «ሥራህ እዚህ ላይ አብቅቷል» የሚል አጭር መልእክት ደረሰኝ። እፎይ አልሁ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም ነበር። ከማጥፋታችን በፊት አንድ ሰው የካርታውን ፎቶ አንሥቶት ኖሯል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። በሳምንቱ ፎቶው ሞጣ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር፤ ሸለቆው ከነቀዩ ቁስሉ። ከሥሩ ሰው የመሰለውን ይጽፍበታል። አንዱ «ይኼ ለጥቃት የተዘጋጀ ነው» ይላል፤ ሌላው «መደበቂያችንን የሸጠው ማነው?» ይላል። ሰው ድሮን ይመጣል እያለ ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። የፓነሉ ሰዎች ቁጥራቸውን ቀየሩ። እኔም ከቢቸና ልጠፋ ልብሴን ሁለት ጊዜ ሸክፌ ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ ወዴት እንደምሄድ አላውቅማ።

እትዬ ዘሀራ ምን አደረጉ? ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ለቤት ዞሩ። በየሴቶቹ በር ቆመው «ወደ ሸለቆው እንዳትወርዱ። ታውቋል። ያስነካኋችሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። አንዳንዷ ሰደበቻቸው። አንዷ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው። የሺ ሽንኩርቷን ሰብስባ ወደ ሌላ ሱቅ ደጅ ሄደች። ይኼን ሁሉ በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «እውነታቸውን ነው» ብቻ አሉ።

ነገሩን በዓይኔ ላየው፣ የእኔን ስም የሚያነሣ ሰው መኖሩንም ልጠይቅ ሞጣ ሄድሁ። እውነቱን ልናገር፤ ከእሳቸው ይልቅ ለራሴ ነበር የሄድሁት። ሱቅ ውስጥ ቆመን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሁለት ሰዎች ደጁ ላይ ቆሙ። የደንብ ልብስ አልለበሱም። ከየትኛው ወገን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባውቅም አልጽፈውም። ጃኬታቸው ሽጉጥ እንዳለበት ሁሉ ወገባቸው ላይ አብጧል።

እትዬ ዘሀራ ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ከመደርደሪያው አንድ ጋቢ መዘዙና ትከሻዬ ላይ ጣሉት። «ቀጥ ብለህ ቁም። ወደ ግራ ረዘመብህ» እያሉ ጥለቱን ማስተካከል ጀመሩ።

«ዘሀራ ማለት አንቺ ነሽ?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ።»

«የሴቶቹን መደበቂያ ካርታ ላይ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። መብራት እንዲተከልልን ነበር። አጥፍቼዋለሁ።»

«ማነው ያስተማረሽ? ማነው የላከሽ?»

«ስልክ መንካት ልጆቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ማስተማር ምን ይፈልጋል?»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ማነህ?»

መናገር ፈለግሁ። ምን ልናገር እንደፈለግሁ ግን አላውቅም፤ እውነቱን ይሁን ውሸቱን። በጋቢው ውስጥ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ጥለቱ ይወዛወዛል። እትዬ ዘሀራ ጥለቱን አፈፍ አድርገው ያዙት።

«ሙሽራ ነው» አሉ። «ሠርጉ ደርሶበት ነው። ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቃል አይወጣው።»

ሁለተኛው ሰው ፈገግ አለ። የመጀመሪያው አልሣቀም፤ ግን ዓይኑን ከእኔ አነሣ። «ስልክሽን አምጪ። አብረሽን ትሄጃለሽ» አላቸው። ስልኩን ሰጡ። መነጽራቸውን በአንገታቸው አንጠለጠሉ። በእኔ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ «ሱቁን ልጄ ትዘጋዋለች» ብቻ ብለው ወጡ።

እኔ ሙሽራው ባዶ ሱቅ ውስጥ ጋቢ ለብሼ ቆሜ ቀረሁ። አልተከተልኋቸውም። «እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አላልሁም። ጋቢውን አጥፌ መደርደሪያው ላይ መለስሁ፤ በመናኸሪያው በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ከከተማው ውጪ ሚኒባስ ጠብቄ ተሳፈርሁ። ቢቸና እስክደርስ ማንም አልጠየቀኝም። ለምን እንዳልጠየቀኝ ዛሬም ይገርመኛል፤ ፊቴ ላይ የተጻፈ ነበር የሚመስለኝ።

ዘጠኝ ቀን ያዙዋቸው። ዘጠኙን ቀን ሙሉ ስሜን የጠሩብኝ እየመሰለኝ ኖርሁ። ሰው ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ። በአሥረኛው ቀን መለቀቃቸውን ሰማሁ። ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት ከወር በኋላ ነው።

ከስተው ነበር። ቀኝ እጃቸውን ከደረታቸው በላይ አያነሡም፤ ከላይኛው መደርደሪያ የሚፈልጉትን ደንበኛው ራሱ እንዲያወርድ ያዛሉ። ስለ እጃቸው ስጠይቃቸው «ብርዱ ነው» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በግራ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ።

«ተው። ተነሥ።»

«ለምን አልነገሯቸውም እትዬ?»

«ብነግራቸው እኔን ይለቁኛል እንዴ? ሁለት ሰው ይታሰራል እንጂ» አሉ፤ የሒሳብ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ቀጥለውም «ፈርቼ ነበር ጌትነት። አልፈራሁም ብዬ አልዋሽህም። በየቀኑ ስምህ አፌ ላይ ይመጣ ነበር» አሉ። የጋቢውን ጫፍ የሚያሹት ጣቶቻቸው አልቆሙም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠዋት ሞጣ ዳር ላይ ተኩስ ተከፈተ። በኋላ እንደተነገረኝ የታጠቁ ሰዎች በቀጥታ ወደዚያ ሸለቆ ወርደው ከዛፉ በታች፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ቁጥቋጦውን እየገለጡ ፈትሸዋል። አንድም ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ያን ሌላ ቦታ እትዬ ዘሀራ ከተፈቱ በኋላ ከሴቶቹ ጋር በየጓዳው ተመካክረው የመረጡት ነው፤ ካርታም ስልክም አልነካውም። የሺ በሳምንቱ ሽንኩርቷን መልሳ እሳቸው ደጅ ላይ ዘረጋች። ምን ተባባሉ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ቃሪያ ጨመረችልኝ» አሉኝ።

የጥናቱ ሪፖርት ወጥቶ አንድ ሰው ላከልኝ። በፓነል መጠቀም ፈጣን መሆኑን ያወሳል፤ ስለ ሞጣ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የሞጣ ተሳታፊዎች ከሁለተኛው ዙር በኋላ መልስ መስጠት አቁመዋል፤ ምክንያቱ አልታወቀም።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ለለቅሶ ሞጣ ሄድሁ። ቤታቸው በረንዳ ላይ ጥቂት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ደጁ ላይ የሺን አገኘኋት፤ ዓይኗ አብጧል። አብረን ስናለቅስ ቆየንና፣ እንዲያው ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስለነበር «ያን ቀን፣ ተኩሱ ጊዜ፣ ወዴት ነበር የሄዳችሁ?» አልኋት።

እንባዋን ጠረገች። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ።

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ አይጠየቅም» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

አልተቀየምሁም። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይታ ልጃቸው ሩቅያ ወጣች። በአካል ተገናኝተን አናውቅም ነበር።

«የሺ ከሩቅ የመጣ ሰው አለ ብላኝ ነው። ከየት ነህ ወንድሜ?»

«ከቢቸና።»

«እናቴን በምን አወቅኻት?»

ጋቢ ገዝቼ ማለት እችል ነበር። በረንዳው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ።

«ሊወስዷቸው ሲመጡ ሱቅ ውስጥ ጋቢ ለብሶ የቆመው እኔ ነኝ» አልሁ። «ካርታውን ያመጣሁባቸውም እኔ ነኝ።»

ሩቅያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ‹ያስተማረሽ ማነው› ነበር የሚሏት» አለች። «ስትፈታ ‹ለእኔ እንኳ ንገሪኝ› ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኋት። እጇን እያሸሁላት እንኳ ጠይቄያታለሁ። አልነገረችኝም። እስክትሞት አልነገረችኝም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ስምህ ማነው?»

«ጌትነት» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ እንደገና አልሁት።

«ጌትነት» ብላ ቀስ ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ትመለስ አትመለስ፣ ሰው ትጥራብኝ አትጥራብኝ አላወቅሁም። ልነሣ እያልሁ ሳልነሣ ጠበቅኋት። ስትመለስ የውሃ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ነበር።

«እጅህን ታጠብ» አለችኝ። «እህል ሳትቀምስ ከእናቴ ቤት አትወጣም።»

እጄን ዘረጋሁላት።